ስንዝር ከአራት ጣት

ትንሽ አውሮፕላን በአገር ውስጥ እስከበረች ድረስ በጎኗ የሚጻፈው የመለያ ፊደል አራት ጣት ቢሆን ማንም አይናገራትም። ድንበር ልትሻገር ስትል ግን ፊደሉ ማደግ አለበት። በዚያን ጊዜ እኛ ዘንድ በነበረው ደንብ ቁመቱ ከሠላሳ ሳንቲ ሜትር ማነስ አልነበረበትም፤ በእጅ ሲለካ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት መሆኑ ነው። ከአውሮፕላን ጋር ጉዳይ የሌለው ሰው ይህን ማወቅ አያስፈልገውም። እኔም ያወቅኩት ሥራዬ ስለነበረ ነው፤ እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው።

የምሠራው ጎባ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ሹመት አልነበረም፤ ብቻዬን ስለነበርኩ ግን ሹሙም እኔ፣ ዘበኛውም እኔ ነበርኩ። ሬዲዮውን እከፍታለሁ፣ የደመናውን ነገር ለአዲስ አበባ እነግራለሁ፣ መንገደኛውንም ጓዙንም እመዝናለሁ፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ላሞቹን ከሜዳው አባርራለሁ። ማረፊያው ከጎባ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ በኩል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ሲሆን፣ ያለው ቤት አንድ ክፍል ቆርቆሮ ነው፤ ከፊት ቢሮው፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዬ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሲልኩኝ "ለጊዜው ነው" ብለውኝ ነበር። ለጊዜው የተባለ ነገር ባሌ ሲደርስ እንዴት እንደሚረዝም የነገረኝ አልነበረም።

አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ፣ ያውም እንደ እኔ ወሬ ለሚወድ ሰው፣ ቦታው ቅጣት ነበር። ጎባ ከተማ ሰው ሞልቷል፤ የአውራጃው ጸሐፊ፣ ዳኛው፣ ነጋዴው፣ መምህሩ። መጀመሪያ ሰሞን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይጋብዙኝ ነበር። ምሳ ይበላል፣ ቀጥሎ "መቼ ነው የምታገባው?" ይመጣል፣ ቀጥሎ የአንዷ ዘመድ ልጅ ትነሣለች። እኔ ደግሞ ግንፍል የምል ሰው ነኝ። አንዱን እሑድ "ሰው ምሳ በላ ተብሎ ይዳራል እንዴ?" ብዬ ጉርሻዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ግብዣው ሳሳ። ማንም አልጠላኝም፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ይሉኛል። ሰው ሳይጠላኝ ብቻዬን ቀረሁ፤ ይሄ ደግሞ ከመጠላት የሚብስ መሰለኝ፣ የምትጣላው ሰው እንኳ የለህም።

መደበኛው አውሮፕላን በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። መጥቶ ሰው ያወርዳል፣ ሰው ይጭናል፣ አቧራውን በላዬ ላይ ትቶ ይሄዳል። ድምፁ ከጠፋ በኋላ የሚመጣው ጸጥታ ጆሮዬን ያመኝ ነበር። ከዚያ የሰኔቲ ነፋስ አለ፤ ከተራራው ወርዶ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ሰው የመጣ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ "ይግቡ" ብያለሁ። በሬዲዮ የምናገረው ሁሉ ስለ ደመና ነበር። አንድ ቀን ለአዲስ አበባው ሰውዬ "እንዴት ነህ ግን አንተ?" ብዬ ብጠይቀው "መልእክቱ አልገባኝም፣ ድገም" አለኝ። አልደገምኩለትም።

በየቀኑ የማገኘው ሰው ቢኖር ወተት የሚያመጡልኝ ሴትዮ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቤታቸው ከሜዳው ጫፍ የሆነ፣ ጠንካራ እናት ነበሩ። ወተቱን አስቀምጠው "አካም ቡልቴ፣ ጉርባ?" ይሉኛል፤ እንዴት አደርክ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ እኔም ደህና፣ እናቴ ብዬ በቋንቋቸው እመልሳለሁ።

"ነጋያ፣ አዴ። ላሞቹን ግን ዛሬም ማኮብኮቢያው ላይ ለቀቋቸው።"

"ላሞቹ እኮ ካንተ በፊት ነው እዚህ የነበሩት።"

"አውሮፕላን ሲመጣ ምን ላድርግ?"

"አውሮፕላኑ ይጠብቃ! ላም ሆዷን ይዛ ትጠብቅ?"

ይህንን ክርክር በየቀኑ እናደርገው ነበር፤ አንዳችንም ስንረታ አልታየንም። እውነቱን ለመናገር ላሞቹን አጥብቀው ቢይዟቸው ኖሮ የማዝነው እኔ ነበርኩ።

አብራሪው የመጣው በኅዳር ነው። አንድ ሞተር ያላት፣ ሁለት ሦስት ሰው የምትይዝ ነጭ አውሮፕላን ይዞ፣ በቆላው በኩል ያሉትን ወንዞች የሚያጠኑ የውሃ መሐንዲሶችን ሊያመላልስ ነበር። መሐንዲሶቹ ጎባ ሆቴል ያዙ። እሱ ግን ከአውሮፕላኑ መራቅ የማይወድ ሰው ነበርና ከቤቴ አጠገብ ድንኳን ተከለ። የባሌ ብርድ አንድ ሌሊት ካነጋገረው በኋላ የሽቦ አልጋውን ተሸክሞ ቢሮዬ ገባ፤ እኔም እሺም እምቢም ሳልል ጠረጴዛዬን ገፋሁለት። ዕድሜው የአባቴ እኩያ ነው። ከወዴት አገር እንደሆነ ሲጠየቅ ሦስት አገር ይጠራል። አማርኛ የለመደው ጅማ ነው፤ ሴትም ወንድም፣ ትልቅም ትንሽም "አንተ" ይላል። ወተት አምጪዋን "አንተ ጥሩ ወተት" ሲላቸው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። እኔ አንቱ ስለው ግን ፊቱ ይጨልማል፤ ሽማግሌ ያደረግኩት ይመስለዋል። ስለዚህ አንቱታውን ተውኩ።

ብዙ አያወራም፤ እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል። ይህ እንዴት ያለ ጸጋ እንደሆነ ብቻውን ከርሞ ያላየ አያውቀውም። ከሥራ ሲመለስ በቢራ ቆርኪ ዳማ እንጫወታለን። ሲሸነፍ ክፉኛ ይናደዳል፤ አንዱን ቆርኪ አንሥቶ በመስኮት ወደ ሜዳው ይወረውርና፣ ጠዋት በጤዛው ውስጥ አጎንብሶ ሲፈልገው አየዋለሁ። እኔም ቡናዬን እየጠጣሁ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ" እለዋለሁ፤ የት እንደወደቀ ግን አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን መሐንዲሶቹ አንድ ሰው ጎድሎባቸው ቦታ ሲገኝ ይዞኝ ወጣ። የገሰራን እርሻ አየሁ፤ ወንዙ ሶፍ ዑመር ላይ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወጥቶ ሲሄድ አየሁ። ወደ ሼክ ሁሴን በሚወስደው መንገድ ምእመናን በትራቸውን ይዘው በሰልፍ ይጓዙ ነበር፤ ከላይ ሆኜ ቀናሁባቸው፣ ያን ያህል ሰው አብሮ ሲሄድ ካየሁ ቆይቼ ነበር። ስንመለስ አብራሪው ወደ ታች ጠቁሞ "ያንተ ቤት" አለኝ። በዚያ ሁሉ ሜዳ መሐል አንድ ቆርቆሮ ብልጭ ይላል። በዙሪያው ምንም የለም። ብቸኛ መሆኔን አውቅ ነበር፤ ምን ያህል ብቸኛ እንደሆንኩ ግን ያወቅኩት ያን ቀን ከላይ ስመለከተው ነው። ወርጄ ላሞቹን ያለ ምክንያት ሰደብኳቸው።

በየካቲት መጨረሻ ጥናቱ አለቀና መሐንዲሶቹ በመደበኛው አውሮፕላን ወጡ። አብራሪው ደግሞ አውሮፕላኑን በነጌሌና በሞያሌ በኩል አድርጎ ናይሮቢ ሊወስዳት ነው። ነገሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አውሮፕላኗ አገራችን የገባችው በርራ አይደለም፤ ተፈታታ፣ በሣጥን ሆና በመርከብ መጥታ አዲስ አበባ ላይ ነው የተገጣጠመችው። ድንበር ተሻግራ ስለማታውቅ በጎኗ ያሉት አምስት የላቲን ፊደላት ያንኑ አራት ጣት ያህል ነበሩ። ጉዞውን ለዋናው መሥሪያ ቤት በሬዲዮ ስናገር መጀመሪያ የጠየቁኝ "ፊደሏስ?" ብለው ነው። ነገርኳቸው። "በዚያ ፊደል ድንበር አትሻገርም። በትልቁ ይጻፍ፤ ከተጻፈ በኋላም ስትበር ከመሬት ሆነህ አንብበህ፣ መነበቡን አንተ አረጋግጥ" አሉኝ።

ደንቡ ለከንቱ የወጣ አልነበረም። ጊዜው ደግ አልነበረም፤ በቆላው ሽፍታ አለ ይባላል፣ በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉት ወታደሮች ጥርጣሬ ገብቷቸዋል። የማን እንደሆነች ያልታወቀች ትንሽ አውሮፕላን ዝቅ ብላ ብታልፍ መጀመሪያ የሚነሣው ጠመንጃ ነው። ፊደሉ ከሩቅ ከታየ ግን አንብበው ይጠይቃሉ፣ ተጠያቂው ይመልሳል፣ ነገሩ በሰላም ያልፋል። ለአብራሪው ይህንን ሳስረዳው "አውቃለሁ። እጽፋለሁ" አለና ብረት ማስመሪያውን ፍለጋ ተነሣ።

የቸኮለው በዝናቡ ምክንያት ነበር። ባሌ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ የበልጉ ከጠና ሜዳው ይጨቀያል፣ ሰኔቲ በጉም ይዘጋል፣ ያችን የምታህል አውሮፕላን እስከ ክረምት መግቢያ ንቅንቅ አትልም። ከጽሕፈቱ በፊት ዝናቡ ከቀደመ እሱ ይቀራል ማለት ነው። እሱ ከቀረ ደግሞ እኔ ለወራት ሰው አለኝ። እንዲህ ነበር ሒሳቡ፤ እሱ ብራ ይለምናል፣ እኔ በሆዴ ደመና እለምናለሁ። ጠዋት ጠዋት የሰማዩን ሁኔታ ለአዲስ አበባ ስናገር ድምፄ ውስጥ ደስታ እንዳይሰማ እጠነቀቅ ነበር።

የድሮውን ፊደል ፈግፍጎ አነሣ። ጎኗን በሸካራ ወረቀት እስኪነጣ አሸው፣ ቅባት የሚያስለቅቀውን አኳራጃ እስኪያልቅ አፍስሶ ጠረገው፣ አቧራ እንዳይነካው በሸራ ጋረደው። ቀኑን ሙሉ ፈጀበት። እኔ ጥቁሩን ቀለም ሮቤ ከአንድ ሱቅ ገዝቼ መጣሁ፤ የፊደሉን ቅርጽ ከካርቶን ቆረጥን። ማስመሪያን ብቻ የማያምን ሰው ነበርና "እጅህን አምጣ" ብሎ ስንዝሬን ከነአራት ጣቴ በካርቶኑ ላይ አስለካኝ። ልክ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሸራውን ገልጦ መጻፍ ሲጀምር ቀለሙ እምቢ አለ። ገና ብሩሹ ሲነካው እንደ ጤዛ እየተንጠባጠበ ይሸሻል። አንዱን ፊደል ጻፈ፤ እያየነው ወደ ታች ወረደ። ቀለሙን ሰደበ፣ ሮቤን ሰደበ፣ በሦስቱም አገሩ ቋንቋ ሰደበ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጣቴን አስነካሁና አሸተትኩ። ቅቤ ነው። ለጋ ቅቤ።

ወተቱን ይዘው የመጡት ሴትዮ ከኋላችን ቆመው ነበር። "እኔ ነኝ የቀባኋት" አሉ፣ ፊታቸው እየበራ። "ወሰን ተሻግሮ ሊሄድ ነው አሉኝ። ቅቤ ሳይነካው ይሄዳል እንዴ ሰው? እሱን እንዳልቀባው ወንድ ነው፣ ፈረንጅ ነው፣ ደግሞ ፀጉርም የለው። እሷን ቀባኋት። የምትወስደው እሷ አይደለችም?"

ቅቤው ምርቃት መሆኑን አስረዳሁት። አብራሪው ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ዳማ ሲሸነፍ የማውቀው ያ ሰውዬ ብሩሹን ሰብሮ ወደ ሜዳው የሚወረውር መስሎኝ ነበር። በጎኗ ላይ ያለውን ቅቤ በጣቱ ነካና "ለእኔ ማንም እንዲህ አላደረገም" አለ። ቀጥሎ ወደሳቸው ዞሮ "አመሰግናለሁ፣ አንተ" አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቅቤ በምን ይለቃል?" አለኝ።

በእንዶድ ይለቃል አልኩት። ሴትዮዋ እንዶድ መባሉን ሰምተው ፊታቸው ተለወጠ። "ዱአ አድርጌበት? ዱአ ይታጠባል? ወላሂ ከዚህ ወዲያ ወተቴን አትጠጡም!" አሉ። መካከል ገብቼ ስለ ደንቡ፣ ስለ ወታደሮቹ፣ ስለ ጠመንጃው ነገርኳቸው። ጠመንጃ ሲባል አውሮፕላኗን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አዩና "እንግዲያው ጭራዋን ተዉልኝ" አሉ። ጭራዋን ተውንላቸው። ጎኗን በእንዶድና በሙቅ ውሃ አጠብን፤ እሳቸውም አብረው እያሹ፣ ባሹ ቁጥር ምርቃታቸውን ከከንፈራቸው ሥር ይደግሙ ነበር።

ቢታጠብም አልሆነም። ቅቤው በቆርቆሮው መጋጠሚያና በምስማሮቹ ዙሪያ ገብቶ ኖሮ፣ ቀለሙ ለጥቂት ጊዜ ይዞ እንደገና ተላጠ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ካፊያ ጀመረ። ሸራውን አልብሰናት ቤት ገባን። ቆርቆሮው ላይ የሚያንኳኳው ነፋስ ሳይሆን ዝናብ ነበር፤ እኔም በልቤ እሰይ አልኩ። ሽሮ ሠራሁ። ሽሮዬ ያለወትሮው ጣፈጠ። የዳማውን ሰሌዳ ሳወጣ ሲያየኝ "ዝናብ የምትጠራው አንተ ነህ?" አለኝ። ስቄ አለፍኩት። እሱ ግን አልሳቀም።

ካፊያው ሰነበተ። መሬቱ ገና አልጨቀየም፤ ጥቂት ከቀጠለ ግን እንደሚጨቀይ ሁለታችንም እናውቃለን። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እሱ መስኮቱ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ "ናይሮቢ ማን ይጠብቅሃል?" አልኩት።

"ማንም። አውሮፕላኑን የሚገዛ ሰው።"

"ከዚያስ?"

"እንጃ።"

"እንግዲያ ምን ያስቸኩልሃል? ዝናቡን እዚህ አሳልፈው። አልጋህ አለ፣ ሽሮው አለ፣ እኔ አለሁ።" የመጨረሻውን ስናገር አፈርኩ፣ ግን አንዴ ወጥቷል።

ከመስኮቱ ዞረ። "ጅማ እንዲህ አንድ ሰው ነበረ" አለኝ። "ዝናብ ነው፣ ቆይ አለ። ቆየሁ። ሌላ ዝናብ መጣ። ዘጠኝ ዓመት ቆየሁ። ከዚያ እሱ ሞተ፤ እኔ አሮጌ ሆንኩ። አሁን ካልሄድኩ ሌላ ጊዜ መሄድ አልችልም። አንተ ልጅ ነህ። እኔን አትጠብቅ።" ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ወደ መጋረጃዬ ጀርባ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ። ተናድጄበት ነበር፤ እንደዚያ የተናደድኩት ልክ ስለተናገረ ነው።

በማግስቱ ጎባ ወረድኩና ከአንድ ልብስ ሰፊ የከሰል ካውያ ተውሼ መጣሁ። ልጅ ሆኜ እናቴ ሻማ የፈሰሰበትን ነጠላ ወረቀት አልብሳ ስትተኩሰው፣ ሰሙ ወደ ወረቀቱ ሲሄድ አይቻለሁ። ሰም ከሄደ ቅቤ የማይሄድበት ምክንያት የለም። አብራሪው ሐሳቤን ሲሰማ ለአፍታ ዓይኔን አየኝ፤ ትናንት ቆይ ያለው ሰው ዛሬ የመሄጃውን መላ ይዞ ሲመጣ ምን ሊል ይችላል? እሱ ግን እሳት እንዳይነካው ነዳጁን ከታንከሯ ወደ በርሜል ቀድቶ ከሜዳው ማዶ አሽከረከረው። ድንኳኑን በላይዋ ዘረጋን። እኔ የስኳር ወረቀት በጎኗ ላይ እየለጠፍኩ በለብታ ካውያ ተኮስኳት። አውሮፕላን የተኮሰ ሰው ከእኔ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ወረቀቱ እየወዛ፣ እየተጣለ፣ ሌላ እየተተካ ቅቤው ከየመጋጠሚያው ወጣ። ክንዴ ዛለ፣ ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ፤ እንባዬን በጭሱ አመካኘሁ፣ እሱም አመነኝ ወይም ያመነ መሰለ።

ቀለሙ በሞቀው ቆርቆሮ ላይ ያዘ። አራቱን ፊደል ጻፈና አምስተኛው ላይ ሲደርስ ብሩሹን ሰጠኝ። "አበላሻለሁ" አልኩት። "አታበላሽም" አለኝ። ጻፍኩት። ቁመቱ ስንዝር ከአራት ጣት፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ። የእሱ አራቱ ትንሽ ትንሽ ያዘነብላሉ፤ የእኔው ከሁሉም የጠራ ነበር።

ሰማዩ ለተከታታይ ቀናት ብራ ሆነ፤ ቀለሙ ደረቀ። የሄደ ዕለት ሴትዮዋ ላሞቻቸውን ራሳቸው ከሜዳው አስወጡ፤ እንደዚያ ሲያደርጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ነጋያን ገሊ" አሉት፣ በሰላም ግባ ማለታቸው ነው፤ እሱም እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ከእኔ ጋር ተሰነባበትን። እኔ ከዚህ እስከ ነጌሌ ስላለው ደመና ነገርኩት። እሱ ካውያውን ለሰፊው እንድመልስ አሳሰበኝ። ጨበጥኩት፣ ገባ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ በሣሩ ላይ እየነጠረች ሄዳ ብድግ አለች።

መነበቡን ማረጋገጥ ነበረብኝ። የሬዲዮውን መናገሪያ ከነገመዱ ስቤ በሩ ላይ ቆምኩ። እሱ ከሮቤ በኩል ዞሮ፣ ዝቅ ብሎ፣ ጎኗን ወደ እኔ አዘንብሎ በሜዳው ላይ አለፈ። ፀሐይዋ በቀጥታ መትታታለች። አምስቱም ፊደላት እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ጎልተው ይታዩ ነበር።

"ይነበባል?" አለ በሬዲዮ።

ቁልፉን ተጫንኩና "አልተነበበም። ደግመህ ዙር" አልኩት።

ዞረ። በሁለተኛው ይበልጥ ዝቅ ብሎ መጣ፤ መላጣውን፣ ጥቁር መነጽሩን፣ ወደ እኔ ያዞረውን ፊቱን ሁሉ አየሁ። ሴትዮዋ እጃቸውን ያውለበልባሉ። እኔ በአንድ እጄ መናገሪያውን፣ በሌላው የበሩን መቃን ይዤ ነበር።

"አሁንስ?"

ቁልፉን ሳልጫን ጎኗን በዓይኔ ተከተልኩ።

"የትኛው ፊደል ነው ያልታየህ?"

"የመጨረሻው" አልኩት።

"እሱን የጻፍከው አንተ ነህ" አለኝ፤ የሚስቅ መሰለኝ፣ ከዚያ ግን የሚስቅ አልመሰለኝም። "ነዳጄ ለሦስተኛ አይበቃም።"

"ይነበባል" አልኩት። "ሁሉም ይነበባል። ሂድ።"

አፍንጫዋን ወደ ሰኔቲ መለሰች። ፊደሉ ትልቅ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ይታየኝ ነበር፤ በድሮው አራት ጣት ቢሆን ኖሮ ወዲያው በጠፋኝ። መጀመሪያ አምስቱን፣ ከዚያ ጥቁር መስመር፣ ከዚያ ነጭ ነጥብ፣ ከዚያ ተራራውን ብቻ አየሁ። ሴትዮዋ ላሞቻቸውን ሊመልሱ ሲሄዱ ነው ጣቴ የደነዘዘው የተሰማኝ። የመናገሪያውን ቁልፍ እስከዚያ ድረስ እንደተጫንኩት ነበር። ቁልፉ ተጭኖ ሳለ የዚያኛው ሰው ድምፅ አይሰማም። ቶሎ ለቀቅኩት፤ የሚሰማው የሬዲዮው ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ምን ብሎኝ እንደነበር፣ ወይም ምንም ሳይለኝ ሄዶ እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።